ከግሉተን ነፃ ምግብና ዱቄት ሲገዙ ምን ይነበባል፣ ምን ይመዘናል?

ጥያቄ፦ «የዘጠኝ ዓመት ልጄ ሴሊያክ (ግሉተን ሲበላ አንጀትን የሚጎዳ ሕመም) እንዳለበት በምርመራ ተረጋገጠ፤ ግሉተን ያለበት ነገር እንዳይቀምስ ተነገረን። ‹ከስንዴ ነፃ› የሚል ብስኩት፣ ኮርን ፍሌክስ፣ የሩዝ ዱቄትና የኮኮናት ዱቄት ገዛሁ። ሁለቱን ዱቄቶች እኩል ቀላቅዬ፣ በለመድኩት የኬክ አሠራር በስንዴው ፋንታ ኩባያ በኩባያ ተካሁ። ኬኩ ደረቀ፣ ቢላ ሲነካው ተፈረፈረ። የገዛሁት ልክ ነው? ምን ምን ልግዛ?»

ምላሽ፦ ከገዟቸው አራት ነገሮች ብስኩቱና ኮርን ፍሌክሱ ዝርዝራቸው ሳይነበብ ልጅዎ ዘንድ መድረስ የለባቸውም። ዱቄቶቹ በባሕርያቸው ግሉተን የላቸውም፤ ኬኩን ያበላሸው የኮኮናቱ መጠንና የኩባያው ልኬት ነው። በመጀመሪያ የልጁን ጤና የሚመለከተውን እናንሳ፣ ኬኩ ይደርሳል።

«ከስንዴ ነፃ» የሚለው ጽሑፍ ለእርስዎ በቂ አይደለም። ግሉተን የሚባለው ፕሮቲን በስንዴ ብቻ ሳይሆን በገብስና ራይ በሚባለው እህልም አለ። ስለዚህ ስንዴ የሌለበት ብስኩት በገብስ ወይም በራይ ዱቄት የተሠራ ሊሆን ይችላል። መፈለግ ያለብዎት «ከግሉተን ነፃ» የሚለውን ነው። እሱ ቢኖርም ባይኖርም ካርቶኑን ገልብጠው የይዘት ዝርዝሩን ያንብቡ።

ኮርን ፍሌክሱ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በቆሎ ግሉተን የለውም፤ ነገር ግን አብዛኛው ኮርን ፍሌክስ ጣዕሙን የሚያገኘው ከገብስ ብቅል ነው። ዝርዝሩ እንዲህ ሊል ይችላል፦ «በቆሎ፣ ስኳር፣ የብቅል ማጣፈጫ፣ ጨው»። ብቅሉ ሦስተኛ ቦታ ላይ ነው፣ መጠኑም ትንሽ ነው፤ ለሴሊያክ ግን ያ ትንሽ ይበቃል። ብቅል የሚል ካዩ፣ በጭማቂ (ኤክስትራክት) ሆነ በሽሮፕ መልክ ቢሆን፣ ወይም የብቅል ኮምጣጤ ቢሆን፣ መልሰው ያስቀምጡት። ያለ ብቅል የሚሠሩ ኮርን ፍሌክሶች አሉ፤ ከግሉተን ነፃ የሚል ጽሑፍ ይኖራቸዋል።

ስንዴ በራሱ ስም ብቻ አይጻፍም። ስፔልት፣ ካሙት፣ ዱረም፣ ሴሞሊና፣ ፋሮ፣ ቡልጉር፣ ኩስኩስ፣ ሴይታን ሁሉም ስንዴ ወይም የስንዴ ዘመድ ናቸው። ትሪቲካሌ የስንዴና የራይ ድቅል ነው። «ጥንታዊ እህል» ተብሎ የሚሸጥ ስፔልት ለሴሊያክ ይስማማል የሚል ወሬ ከሰሙ አይቀበሉት። በእርሾ ለረጅም ሰዓት የቦካ የስንዴ ዳቦም እንዲሁ ነው፤ መቡካቱ ግሉተኑን የሴሊያክ ሕመምተኛ እስኪበላው ድረስ አይቀንሰውም።

ሳይጠረጠሩ ከሚያልፉት ዋናው ሶያ ሶስ ነው፤ የተለመደው በሶያና በስንዴ ይጠመቃል። ታማሪ የሚባለው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ያለ ስንዴ ይሠራል፣ እሱንም ያንብቡት። የሾርባ ኩብና የታሸገ ሶስ በዱቄት ሊወፍሩ፣ ቋሊማ በዳቦ ፍርፋሪ ሊሞላ ይችላል። ሊኮሪስ የሚባለው ጥቁር ከረሜላ በብዛት የስንዴ ዱቄት አለበት። ቤኪንግ ፓውደር ውስጥ እርጥበት እንዳይዝ የሚጨመረው ስታርች አብዛኛውን ጊዜ የበቆሎ ቢሆንም አንዳንዴ የስንዴ ነው። የዳቦ እርሾ ችግር የለውም፤ ከቢራ ጠመቃ የተረፈ እርሾ ግን የገብስ ትርፍ ስላለው ይቅር።

በተቃራኒው ሰዎች በከንቱ የሚፈሯቸው አሉ። ማልቶዴክስትሪን፣ የግሉኮስ ሽሮፕ፣ ዴክስትሮስ፣ ሲትሪክ አሲድ፣ የተጣራ ነጭ ኮምጣጤ፣ ተጣባቂው ሩዝ፣ እነዚህን ብቻ አይተው ዕቃ አይመልሱ። ልጅዎ ብዙ ነገር ስለሚከለከል ያለ ምክንያት የሚጨመር ክልከላ ይጎዳዋል።

ጽሑፉ ምን ያህል ይታመናል? ኮዴክስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የምግብ መስፈርት መሠረት «ከግሉተን ነፃ» ለመባል በአንድ ኪሎ ምግብ ውስጥ ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ግሉተን መኖር የለበትም፤ ይህ ልክ በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጸደቀ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2013 ያወጣው ደንብም ከ20 በታች ይላል። በአውሮፓ ኅብረትም 20 ነው፤ ከዚያ ሌላ እስከ 100 የሚደርስ «በጣም ዝቅተኛ ግሉተን» የሚባል ሁለተኛ ደረጃ አለ፣ ለልጅዎ የሚሆነው የመጀመሪያው ነው። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ከሁሉም ጥብቅ ናቸው፤ በምርመራ ምንም ግሉተን እንዳይገኝበት፣ አጃም እንዳይኖርበት ይጠይቃሉ። ዛላው በመስመር የተሰረዘ የእህል ምልክት ካዩ ምርቱ ከ20 በታች መሆኑ በተቆጣጣሪ ተረጋግጧል ማለት ነው።

የተሠራበትን አገር ማየት የሚጠቅመው በሌላ ምክንያት ነው። በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ግሉተን ያለው እህል ሁሉ በዝርዝሩ ውስጥ ጎልቶ መጻፍ አለበት፤ ገብስም ራይም ይካተታሉ። በአሜሪካ የአለርጂ ማስጠንቀቂያ ግዴታ የሚመለከተው ስንዴን ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚያ የመጣ ዕቃ ግርጌ ላይ «ስንዴ አለበት» የሚል ባያገኙም ብቅል መሃል ላይ ተቀምጦ ሊጠብቅዎት ይችላል። «የስንዴ ርዝራዥ ሊኖርበት ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ደግሞ በአብዛኛው ቦታ በአምራቹ ፈቃድ የሚጻፍ ነው፤ አለመጻፉ ንጽሕናውን አያረጋግጥም።

አሁን ወደ ዱቄት። የሩዝ፣ የማሽላ፣ የበቆሎ፣ የጤፍ፣ የዳጉሳ፣ የሽምብራ፣ የባክዊት፣ የኪኑዋ፣ የአማራንት፣ የካሳቫ ዱቄት ሁሉም በተፈጥሯቸው ግሉተን የላቸውም። ጥያቄው የት ተፈጩ የሚለው ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው፦ አንድ ግራም የስንዴ ዱቄት ውስጥ ወደ 80 ሚሊ ግራም ግሉተን ይገኛል። የሻይ ማንኪያ ግማሽ እንኳ የማይሞላ ይህ አንድ ግራም ወደ አንድ ኪሎ ንጹሕ የማሽላ ዱቄት ቢገባ፣ ኪሎው 80 ሚሊ ግራም ግሉተን ይዞ ከተፈቀደው ልክ አራት እጥፍ ያልፋል። ከስንዴ በኋላ ሳይጸዳ የሠራ ወፍጮ በድንጋዩና በመውረጃው ላይ የሚያስቀረው ከአንድ ግራም እጅግ ይበልጣል። ስለዚህ ስንዴ በሚፈጭበት ወፍጮ የተፈጨ ዱቄት አይግዙ። ከክፍት ጆንያ ወይም ከሣጥን እየተዘገነ የሚሸጥም አይሆንም፤ መዝገኛው ከስንዴው ወደ ሩዙ ይዞራል። ታሽጎ ከግሉተን ነፃ የተባለውን ይውሰዱ፤ እሱን ካጡ እህሉን በፍሬው ገዝተው፣ ለቅመውና አጥበው፣ አድርቀው፣ ለዚህ ብቻ በተለየ መፍጫ ቤትዎ ይፍጩት።

ምስርና ሌሎች ጥራጥሬዎችም መልቀም ይፈልጋሉ። ከገብስና ከስንዴ ጋር በአንድ ማሳ እየተፈራረቁ ስለሚዘሩና በአንድ መኪና ስለሚሰበሰቡ ፍሬው ይቀላቀላል። ነጭ ሳህን ላይ ስስ አድርገው ያሰራጩ፣ ረዘም ያለውንና መሃሉ ላይ ስንጥቅ መስመር ያለውን ፍሬ ያውጡ፣ ከዚያ ይጠቡ። ተፈጭቶ የተገዛ የምስር ዱቄት ላይ ይህን ማድረግ አይቻልም።

አጃን ለብቻው ማንሳት ያስፈልጋል። ራሱ አጃ የስንዴ ዓይነት ግሉተን የለውም፣ የተለመደው አጃ ግን በስንዴና በገብስ ክፉኛ የተቀላቀለ ነው። ከግሉተን ነፃ ተብሎ የተለየ አጃ አለ፤ አብዛኞቹ የሴሊያክ ሕመምተኞች ይስማማቸዋል፣ ጥቂቶች ግን ለራሱ ለአጃ ፕሮቲንም ይቆጣሉ። ልጅዎ ገና አዲስ ነውና በደም ምርመራ የሚታየው የሴሊያክ ምልክት እስኪወርድ ይቆየው፣ ከዚያ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግረው በጥቂቱ ይጀምሩት።

ወደ ኬኩ እንመለስ። ከሁሉ በፊት የሚገዛው ዕቃ ዱቄት አይደለም፣ ግራም የሚለይ የወጥ ቤት ሚዛን ነው። 240 ሚሊ ሊትር የሚይዝ ኩባያ የስንዴ ዱቄት 120 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በዚያው ኩባያ የሩዝ ዱቄት 155 ግራም ገደማ ይሆናል። ሁለት ኩባያ ሲተኩ ሳያውቁት 70 ግራም ያህል ዱቄት ጨምረዋል። ኮኮናቱ ደግሞ የባሰ ነው፤ ዘይቱ ተጨምቆ የቀረ ቃጫ ስለሆነ እርጥበቱን ሁሉ ይመጥጣል። ከድብልቅ ዱቄት ከአንድ አሥረኛ በላይ ኮኮናት አይግባ። እርስዎ ግማሽ አድርገውታል፣ እንቁላሉንና ወተቱን ግን ከድሮው መጠን አላበዙም፤ ስለዚህ ሊጡ ውስጥ የሚያያይዝ ነገር አልነበረም፣ ያለውንም እርጥበት ኮኮናቱ ወሰደው።

በስንዴ ሊጥ ውስጥ ግሉተን ሁለት ሥራ ይሠራል፦ ይለጠጣል፣ አየርም ይይዛል። አንድ ዱቄት ብቻውን ይህን አይተካም። ስለዚህ የሚገዙት ሦስት ነገር ነው፦ ጣዕምና አካል የሚሰጥ የእህል ዱቄት፣ የሚያለሰልስ ስታርች፣ እና የሚያያይዝ።

ለኬክ፣ ለብስኩትና ለፓንኬክ የሚሆን አንድ ኪሎ ድብልቅ እንዲህ ይዘጋጅ፦ 400 ግራም የላመ ነጭ የሩዝ ዱቄት፣ 200 ግራም የማሽላ ዱቄት፣ 250 ግራም የድንች ስታርች፣ 150 ግራም የታፒዮካ ስታርች። ሁለት ጊዜ ነፍተው በደረቅ ዕቃ ያኑሩት። እዚህ ላይ ሲገዙ ይጠንቀቁ፦ የድንች ስታርችና የድንች ዱቄት አንድ አይደሉም። ስታርቹ በጣት ሲያሹት የሚንጫጫ ነጭ ደቃቅ ነው፤ ዱቄቱ ድንቹ በሙሉ ተቀቅሎና ደርቆ የተፈጨ፣ ወደ ቢጫ የሚያደላና የድንች ሽታ ያለው ነው። በስታርቹ ምትክ ዱቄቱን ካስገቡ ኬኩ ከባድና የሚጣበቅ ይሆናል። ታፒዮካ የካሳቫ ስታርች ነው፤ የካሳቫ ዱቄት የሚባለው ደግሞ ሥሩ ከነቃጫው የተፈጨ ሌላ ዕቃ ነው። የሩዙ ዱቄት በጣቶችዎ መሃል ሲያሹት አሸዋ አሸዋ ካለ ኬኩም እንዲሁ ይላል፤ የላመውን ይምረጡ።

የሚያያይዘው ዛንታን ገም የሚባለው ደቃቅ ዱቄት ነው። በድብልቁ ውስጥ አስቀድመው አይጨምሩት፣ መጠኑ እንደሚሠራው ነገር ይለያያልና። ለ100 ግራም ዱቄት፣ ለብስኩት ግማሽ ግራም፣ ለኬክ አንድ ግራም፣ ለዳቦ ሁለት ግራም ይበቃል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ሦስት ግራም ገደማ ነው። ሰው ኬክ ሲፈረፈርበት ዛንታኑን እጥፍ ያደርጋል፣ ያኔ ኬኩ ማስቲካ ይሆናል። ጉዋር ገም በተመሳሳይ መጠን ይተካዋል። «ስንዴን አንድ ለአንድ የሚተካ» ተብሎ የተዘጋጀ ድብልቅ ከገዙ ዝርዝሩን ይዩ፤ ዛንታን ካለበት ሌላ አይጨምሩ፣ ቤኪንግ ፓውደር ካለበትም እንደዚያው። በእኔ አስተያየት ለጀማሪ አንድ እንዲህ ያለ ከረጢት ቤት ውስጥ ማኖር ይጠቅማል፣ ለዳቦ ግን አብዛኞቹ ስታርች ስለሚበዛባቸው አይሆኑም።

የድሮው ኬክዎ 250 ግራም ስንዴ የሚጠይቅ ከሆነ 250 ግራም ድብልቅና ሁለት ግራም ተኩል ዛንታን ያድርጉ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ወተት ይጨምሩ። ቤኪንግ ፓውደሩን ትተው ሊጡን 30 ደቂቃ ያሳርፉት። የሩዝ ቅንጣት ውኃ ለመምጠጥ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሳይጠጣ ምድጃ ከገባ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል። ከዚያ ቤኪንግ ፓውደሩን ከአንድ ማንኪያ ስታርች ጋር ቀላቅለው በወንፊት ነፍተው ያስገቡና ወዲያው ይጋግሩት።

ዳቦ ሌላ ትምህርት ነው። ለዳቦ ከዛንታን የሚሻለው ሲሊየም ሃስክ ነው፤ የአንድ ተክል የፍሬ ልባስ ሲሆን ውኃ ሲነካው እንደ ተልባ ያዝለገልጋል። የሚገዙት ንጹሑን ይሁን፤ ለሆድ ድርቀት ተብሎ ስኳርና ማጣፈጫ ተጨምሮበት የሚሸጠው ለዳቦ አይሆንም። ለአንድ ዳቦ 150 ግራም የማሽላ ወይም የባክዊት ዱቄት፣ 100 ግራም ቡናማ የሩዝ ዱቄት፣ 100 ግራም የድንች ስታርች፣ 50 ግራም ታፒዮካ፣ 20 ግራም ያልተፈጨ ሲሊየም፣ 7 ግራም ደረቅ እርሾ፣ 8 ግራም ጨው፣ 15 ግራም ስኳር፣ 15 ግራም ዘይትና 410 ግራም ለብ ያለ ውኃ ያዘጋጁ። የተፈጨ ሲሊየም ከሆነ 17 ግራም ይበቃል። ሲሊየሙን በውኃው በትነው ወዲያው ያማስሉት፣ ካልሆነ ይጓጉላል። አምስት ደቂቃ ሲቆይ ይረጋል፤ ከዚያ ሌላውን ሁሉ ጨምረው ያሹት። ሊጡ ከስንዴው የረጠበ ይመስላል፣ ዱቄት አይጨምሩበት። በእርጥብ እጅ አድቦልቡለው በቀጥታ መጋገሪያ ፎርማው ውስጥ ያድርጉት፤ ሁለት ጊዜ ማቡካት አያስፈልገውም። የፎርማው ጠርዝ አካባቢ ሲደርስ በ200 ዲግሪ አንድ ሰዓት ገደማ ይጋግሩ። ቴርሞሜትር ካለዎት መሃሉ 97 ዲግሪ ሲደርስ ያውጡት።

መሃሉ ከሰረገደ ወይ ውኃው በዝቷል፣ ወይ ከጠርዙ አልፎ እስኪነፋ ቆይቷል። ውስጡ እንደ ሙጫ ከሆነ ቶሎ ወጥቷል፣ አለዚያም በትኩሱ ተቆርጧል፤ ስታርቹ የሚጸናው ሲቀዘቅዝ ነውና ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይጠብቁ። ቅርፊቱ ሥር ክፍተት ከተፈጠረ ሊጡ ሲደበለበል አየር ገብቶበታል። የሽምብራ ወይም የሌላ ጥራጥሬ ዱቄት ከተጠቀሙ ጥሬውን ሊጥ አይቅመሱ፣ ይመራል፤ ሲበስል ይጠፋል።

በቤት ውስጥ ለልጁ ብቻ የሚለዩ ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፦ ወንፊት፣ የፓስታ ማጥለያ፣ የእንጨት ማንኪያና መክተፊያ፣ የዳቦ መጥበሻ ማሽን። ቀዳዳና ስንጥቅ ያለው ዕቃ ታጥቦ አይጠራም። ብረት ድስትና ብርጭቆ በደንብ ከታጠበ ይበቃዋል። የስንዴ ዱቄት ሲነፋ አየር ላይ ቆይቶ በየቦታው ስለሚያርፍ በአንድ ቀን የሁለቱንም መጋገር ካለብዎት የልጁን አስቀድሙ። ጃምና ቅቤ የራሱ ማሰሮ ይኑረው፤ ዳቦ የነካ ቢላ ፍርፋሪ ይዞ ይገባል።

አንድ ነገር ከመግዛትዎ በፊት ግን፦ ቤተሰቡን በሙሉ ከግሉተን ነፃ ለማድረግ ካሰቡ፣ ወንድምና እህቶቹ እንዲሁም እናንተ ወላጆቹ መጀመሪያ ተመርመሩ። ሴሊያክ በቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል፤ የደም ምርመራው ደግሞ ሰውየው ግሉተን እየበላ ካልሆነ ትክክለኛ ውጤት አይሰጥም።

ከግሉተን ነፃ ተብሎ የታሸገውን ብስኩትና ኬክ በልክ ይግዙ። ብዙዎቹ በስታርች፣ በስኳርና በስብ የተሞሉ ናቸው፤ እንደ ስንዴ ዱቄት ብረትና ቢ ቫይታሚን የሚጨመርባቸውም ጥቂት ናቸው። የዘንቢሉ አብዛኛው ክፍል ምንም ጽሑፍ የማያስፈልገው ይሁን፦ እንቁላል፣ ወተት፣ ያልተቀመመ ሥጋና ዓሣ፣ አትክልት፣ ፍራፍሬ፣ ድንች፣ ሩዝ፣ የተለቀመ ጥራጥሬ።

ስለ አቀማመጥ፦ ስታርች በደረቅ ቦታ ከዓመት በላይ ይቆያል። ቡናማ የሩዝ ዱቄት፣ የአልመንድ ዱቄትና የማሽላ ዱቄት ግን ቅባት ስላላቸው ይበላሻሉ፤ በትንሽ ከረጢት ይግዙ፣ አየር የማያስገባ ዕቃ ውስጥ አድርገው ፍሪዘር ውስጥ ቢያቆዩ እስከ ስድስት ወር ይሆናሉ። ከመጋገርዎ በፊት ያሽቱት፤ የቆየ ዘይት ከሸተተ ይጣል። ዳቦው በሁለተኛው ቀን ስለሚደርቅ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ቆርጠው፣ በየቁራሹ መሃል ወረቀት አድርገው ፍሪዘር ያስገቡት፤ የሚበላውን ያህል ብቻ እያወጡ ለልጁ በተለየው መጥበሻ ማሽን ያሙቁት።